ወንዛችንን በአፈር ብንገድበውስ? ለመስኖም ለመብራትም

ጥያቄው፦ «የምንኖረው በጅማ ዞን ቀርሳ ወረዳ ነው። ከመንደራችን በታች ወደ ግልገል ጊቤ የሚገባ ወንዝ አለ። ክረምት ይሞላል፤ በጋ ይመነምናል እንጂ አይደርቅም። ወደ 50 ሄክታር ቡና፣ አትክልትና በቆሎ በመስኖ ልናለማ፣ በዚያው መብራትና ወፍጮ ልናገኝ አስበን ገንዘብ እያዋጣን ነው። አንድ የማሽን ባለቤት 15 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ በኤክስካቫተርና በዶዘር በአንድ በጋ እሠራላችኋለሁ ብሎናል። ክረምት ሲሞላ ትርፉ ውኃ በላዩ እየፈሰሰ ይሄዳል አለን። ከመካከላችን ግማሹ ደግሞ ‹አፈር ውኃ አይይዝም፣ ሲሚንቶ ካልሆነ ይቅር› ይላል። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦

የማሽኑ ባለቤት ያላችሁን አትቀበሉ። ሲሚንቶ ካልሆነ ይቅር የሚሉትም ተሳስተዋል። ሁለቱን በየተራ አስረዳለሁ። ከዚያ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ አፈርን ከክሱ ነጻ ላውጣው። አፈር ውኃ ይይዛል። በዓለም ላይ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ግድቦች አንዱ በታጂኪስታን በቫኽሽ ወንዝ ላይ ያለው ኑሬክ ነው። 300 ሜትር ከፍታ አለው። የተሠራው በአፈርና በድንጋይ ሙሌት ነው፤ መሃሉ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ነው። መስኖም መብራትም ይሰጣል። ወደ ሀገራችን ስንመጣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የአፈር ግድብ ነው። ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይዞ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ነው የተሠራው። እናንተ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከመንገድ የምታዩት የግልገል ጊቤ አንድ ሐይቅም የተያዘው በሙሌት ግድብ ነው። እሱ የድንጋይ ሙሌት ነው። ቁመቱ 40 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.7 ኪሎ ሜትር ነው።

እንዲያውም ሥሩ ላይ ጠንካራ ቋጥኝ በሌለበት ቦታ የሚያሰጋው ሲሚንቶው ነው። ኮንክሪት አይታጠፍም። መሬቱ አንድ ጎን ሲሰምጥበት ይሰነጠቃል። አፈር ግን ትንሽ ትንሽ መስመጥን ይችላል። በጅማ ዙሪያ ደግሞ ቀይ አፈሩ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ቋጥኝ ለማግኘት ብዙ ሜትር መቆፈር አለባችሁ። ስለዚህ «ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ አፈር ደካማ ነው» የሚለው ንጽጽር እዚህ አይሠራም።

ነገር ግን የተቆለለ አፈር ግድብ አይደለም። የማሽኑ ባለቤት የሚሠራላችሁ ቁልል ነው። ልዩነቱን በደንብ እንየው፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ልዩነት ነውና።

ትክክለኛ የአፈር ግድብ ሥራው በየንብርብሩ ነው። አፈሩ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። እርጥበቱ ይለካል። ደርቆ ከሆነ ውኃ በቦቴ ይረጫል፤ ረጥቦ ከሆነ ተበትኖ እስኪጠፍፍ ይጠበቃል። ከዚያ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ ጥቅጠቃው ይለካል። ካለፈ ብቻ ቀጣዩ ይነጠፋል። ዶዘር እየተመላለሰ በሰንሰለቱ ቢረግጠው አይበቃም። የዶዘር ሰንሰለት የተሠራው ክብደቱን በትኖ እንዳይሰምጥ ነው፤ ሮለር ደግሞ ክብደቱን አንድ ቦታ ላይ እንዲያሳርፍ ነው። የሁለቱ ዓላማ ተቃራኒ ነው።

አሁን ወደ ብዛቱ እንምጣ። 15 ሜትር ቁመት፣ አናቱ ላይ 5 ሜትር ስፋት ያለው ግድብ አስቡ። በውኃው በኩል ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 3 ሜትር፣ በታችኛው በኩል 2.5 ሜትር ተዳፋት ይኑረው። እነዚህ ተራ ልኮች ናቸው፤ አፈሩ ደካማ ከሆነ ከዚህም ይሰፋሉ። የግርጌው ስፋት 87.5 ሜትር ይሆናል። ከፍታው ሙሉ በሆነበት ቦታ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት ወደ 694 ሜትር ኪዩብ የተጠቀጠቀ አፈር ያስፈልጋል። 16 ሜትር ኪዩብ የሚጭን ሲኖትራክ 43 ጊዜ ተመላልሶ አንድ ሜትር አይሞላም ማለት ነው፤ የተጫነ አፈር ሲጠቀጠቅ ይቀንሳልና። ይህን ሁሉ በአንድ በጋ፣ በአንድ ኤክስካቫተርና በአንድ ዶዘር? በጅማ ዝናቡ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አፈር ለመጠቅጠቅ የሚመች ደረቅ ጊዜ የምታገኙት በግምት ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ነው። ግድቡ ሳያልቅ ዝናቡ ቢቀድማችሁ ወንዙ ግማሽ ላይ ያለውን ሙሌት ጠርጎ ይወስደዋል።

«ትርፉ ውኃ በላዩ ይፈሳል» የተባለው ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በኮንክሪት ግድብ ላይ ውኃ ሊፈስ ይችላል። በአፈር ግድብ ላይ አንድም ቀን መፍሰስ የለበትም። ውኃ አናቱን አልፎ በታችኛው ተዳፋት ሲወርድ ፍጥነት ያገኛል፤ አፈሩን ይቦረቡራል። ቦይ ያወጣል። ቦዩ ይሰፋል፤ ይጠልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ኃይል የለም። በዓለም ላይ ከፈረሱት የአፈር ግድቦች ግማሽ ያህሉ የፈረሱት በዚህ መንገድ ነው። በነሐሴ 1975 እ.ኤ.አ. በቻይና የባንቺያኦ ግድብ በአውሎ ነፋስ በመጣ ዝናብ ተጥለቀለቀ። በአንድ ቀን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። የአፈር ግድብ ነበር። ውኃው አናቱን አለፈና ሰበረው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በሊቢያ ዴርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት የሙሌት ግድቦችም በአንድ ሌሊት ዝናብ ተጥለቅልቀው ፈረሱ። ውኃው የከተማዋን መሃል ወደ ባሕር ወሰደው።

ስለዚህ ለአፈር ግድብ ማስተንፈሻ ጌጥ አይደለም። ማስተንፈሻ ማለት ሐይቁ ከሞላ በኋላ የሚመጣውን ጎርፍ ግድቡን ሳይነካ የሚያሳልፍ ሰፊ መውጫ ነው። ቦታው ከሙሌቱ ላይ ሳይሆን ከጎን ባለው ያልተነካ የተፈጥሮ መሬት ላይ ነው። ቋጥኝ ካለ እሰየው፤ ከሌለ በኮንክሪት ወይም በድንጋይ ግንብ ይለበሳል። የሚለካው ዘንድሮ ባያችሁት ጎርፍ አይደለም። አያቶቻችሁ በሚያወሩት ጎርፍም አይደለም። ከዚያ በላይ በሆነ፣ በሃይድሮሎጂ ባለሙያ በሚሰላ ጎርፍ ነው። ማስተንፈሻው ከግድቡ ሙሌት እኩል ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል። የማሽኑ ባለቤት ዋጋ የረከሰውም ይህን ስለተወው ነው።

ሁለተኛው የመፍረሻ መንገድ ጸጥ ያለ ነው። የሚደረስበት ዘግይቶ ስለሆነ እኔን ይበልጥ ያስፈራኛል። ስርገት የሌለው የአፈር ግድብ የለም። ውኃ ቀስ ብሎ በአፈሩ ውስጥ ያልፋል፤ ከታች በኩል ይወጣል። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ውኃው ሲወጣ የአፈር ቅንጣት ይዞ ሲወጣ ነው። አንድ ቅንጣት ከወጣ ቦታው ክፍት ይሆናል። ክፍቱ ተጨማሪ ውኃ ይስባል፤ ተጨማሪ አፈር ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከታች ወደ ላይ በሙሌቱ ውስጥ ዋሻ ይቦረቦራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። 93 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። ዓላማው እንደ እናንተ ነው፤ መስኖ፣ መብራትና ጎርፍ መከላከል። ሰኔ 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ እየሞላ ሳለ ጠዋት ላይ ጭቃማ ውኃ ሲወጣ ታየ። ዶዘሮች ገብተው ቀዳዳውን ለመድፈን ሞከሩ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ግድቡ ተሰበረ። 11 ሰዎች ሞቱ። ያን ግድብ የሠሩት ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ናቸው። ችግሩ የመሃሉ አፈር በቀላሉ የሚቦረቦር ደቃቅ አፈር መሆኑና በጎን ያለው ቋጥኝ ስንጥቅ በበቂ አለመደፈኑ ነው።

የዚህ በሽታ መድኃኒት አሸዋ ነው። ከሸክላው እምብርት፣ ማለትም ከመሃሉ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ፣ በስተጀርባ በልኩ የተመረጠ የአሸዋ ንብርብር ይቆማል። ማጣሪያ ይባላል። ውኃውን ያሳልፋል፤ የአፈሩን ቅንጣት ግን ይይዛል። ከአሸዋው ቀጥሎ ጠጠር አለ፤ ውኃውን ሰብስቦ በግድቡ እግር በኩል ያስወጣዋል። ይህ ከሌለ የፈለገውን ያህል ብትጠቀጥቁት ግድቡን አላምነውም። ከሙሌቱ ሁሉ በራሳችሁ ዓይን እያያችሁ ቆማችሁ የምታሠሩትን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የአሸዋውን ማጣሪያ እላለሁ። ሠራተኞቹ ስለማያውቁት ይንቁታል። ተሸፍኖ ስለሚቀርም በኋላ ሊታይ አይችልም።

አፈሩን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ቀዩ አፈር በአብዛኛው ለግድብ ይሆናል። ከረግረግ ዳር የሚገኘው ጥቁሩ ዋልካ፣ በእናንተ ኮቲቻ የምትሉት፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በእምብርቱ ላይ አታስገቡት። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ከምታስቡት ቦታ የባቄላ ፍሬ የሚያህል አፈር አምጡ። ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነካኩ ጣሉት። ፈራርሶ ሥሩ ላይ ቢተኛና ውኃው ጥርት ብሎ ቢቆይ ደህና ነው። ውኃው ዙሪያውን እንደ ጭስ ከደፈረሰና ካልጠራ አፈሩ በውኃ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ ከእሱ ግድብ አይሠራም። ይህ ላቦራቶሪን አይተካም። ግን በላቦራቶሪ ወጪ ከመግባታችሁ በፊት መጥፎውን ቦታ ያሳያችኋል።

ቱቦን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ ትናንሽ ግድቦች ውኃ የሚያፈሱት ለመስኖ ተብሎ በሙሌቱ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ዳር ነው። በቱቦው ሆድ ሥር አፈሩን መጠቅጠቅ ያስቸግራል፤ ውኃው ያንን ክፍተት ይዞ ይጓዛል። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ ግድብ ሳይ ቱቦው ውስጥ ከሚፈሰው ይልቅ ቱቦውን ተከትሎ የሚፈሰው ይበልጥ ነበር። ገበሬዎቹ «ተጨማሪ ውኃ አገኘን» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ያን ቀን ሐይቁን ዝቅ እንዲያደርጉ ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በቀጣዩ ክረምት ቢሞላ ኖሮ አይቆምም ነበር። ቱቦ የግድ ከሆነ ባልተነካ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት ታቅፎ፣ መውጫው በአሸዋ ማጣሪያ ተከብቦ ነው የሚቀበረው።

ዛፍም በግድብ ላይ አይተከልም። በተለይ ባሕር ዛፍ። ሥሩ ሲበሰብስ የውኃ መንገድ ይሆናል። ጃርት የቆፈረው ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳም እንዲሁ። ሣር ብቻ ይብቀልበት፤ ከብት አይውጣበት።

አሁን ወደ መብራቱ። እዚህ ላይ የጥያቄያችሁ ስሌት አልተሠራም፤ ስለዚህ አብረን እንሥራው። 50 ሄክታር በበጋ ለማጠጣት በግምት በሄክታር 1 ሊትር በሰከንድ ያዙ። 50 ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ይህንኑ ውኃ 10 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ላይ በተርባይን ብታወርዱት የምታገኙት ኃይል 3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። 9.81ን (የመሬት ስበት ቁጥር ነው) በ0.05 ሜትር ኪዩብ (50 ሊትር ማለት ነው)፣ በ10 ሜትር፣ ከዚያም ብክነቱን አስባችሁ በ0.6 አባዙት። 3 ኪሎ ዋት አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአግባቡ አያሞቅም። ወፍጮ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈልጋል። 15 ሜትር የተባለውን ለምን 10 አደረግከው ብትሉ፣ ሐይቁ በጋውን ሙሉ እየጎደለ ስለሚሄድ ነው። መስኖ ውኃውን በጠጣ ቁጥር የመብራቱ ከፍታ ይወርዳል። ውኃ አጥብቃችሁ የምትፈልጉበት ጊዜና ኃይሉ የሚዳከምበት ጊዜ አንድ ይሆናል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር ይኸው ነው። ኃይል የሚገኘው ከውኃው መጠንና ከሚወርድበት ከፍታ ነው። ያ ከፍታ ግን ከግድቡ መምጣት የለበትም። መሬቱ ራሱ ሊሰጥ ይችላል። ማስረጃው ደጃችሁ ነው። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ 40 ሜትር ብቻ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ውኃውን ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ በዋሻ ወስዶ ከግድቡ ቁመት በብዙ እጥፍ ወደ ታች ስለሚያወርደው ነው። ግልገል ጊቤ ሁለት ደግሞ የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ከአንደኛው የወጣውን ያንኑ ውኃ ይቀበላል። በ26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ 500 ሜትር ቁልቁል ይለቀዋል። 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ውኃው ያው ነው፤ የጨመረው ቁልቁለቱ ነው።

እናንተም በልካችሁ እንዲሁ አድርጉ። ምክሬ ይህ ነው፦ ዋናውን ወንዝ በአፈር አትገድቡ። የወንዝ ጠለፋ ሥሩ። ጠለፋ ማለት ከወንዙ ወለል አንድ ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ያለ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ ዝቅተኛ ግንብ ነው። ውኃ አያከማችም፤ ከፍ አድርጎ ወደ ቦይ ያስገባል እንጂ። ጎርፍ በላዩ ቢያልፍ አይጎዳውም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። የማሽኑ ባለቤት «በላዩ ይፈሳል» ያለው ለዚህ ቢሆን ትክክል ነበር።

ከጠለፋው የሚነሳውን ቦይ በተራራው ወገብ፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ ዝቅ እያለ እንዲሄድ አድርጋችሁ ውሰዱት። ወንዙ በሥሩ እየወረደ ይሄዳል፤ ቦዩ ከላይ ይቀራል። ከተወሰነ ርቀት በኋላ በቦዩና በወንዙ መካከል ያለው ልዩነት 40 ሜትር ቢደርስ፣ ያንኑ 50 ሊትር በግፊት ቱቦ አውርዳችሁ 12 ኪሎ ዋት ያህል ታገኛላችሁ። አንድ ቤት 100 ዋት ቢደርሰው ለ100 ቤት በቂ ነው፤ ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለቴሌቪዥን። ቀን ቀን፣ መብራት በማይበራበት ሰዓት፣ አነስ ያለ ወፍጮ ያንቀሳቅሳል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ተርባይኑ ለዚያ ከተመረጠ ከዚህም በላይ ይሰጣል። ለምጣድ ግን አሁንም አትመኙ።

ደስ የሚለው ነገር ተርባይን ውኃ አይጠጣም። አዙሮት የሄደው ውኃ ሁሉ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ሌሊት መብራት ስትጠቀሙ የሚወጣውን ውኃ አጠራቅማችሁ ቀን ማሳ አጠጡበት። አፈር የሚያስፈልጋችሁም እዚህ ጋ ነው። 50 ሊትር በሰከንድ ለ12 ሰዓት 2,160 ሜትር ኪዩብ ነው። 30 በ36 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ይይዘዋል፤ ጎኖቹ ተዳፋት ስለሚሆኑ ትንሽ ሰፋ አድርጉት። ኩሬው ከወንዙ ውጭ ስለሆነ ጎርፍ አይመጣበትም። የሚገባውን ውኃ በር ዘግታችሁ ታቆሙታላችሁ። ቢሰበር እንኳ የሚፈሰው የአንድ ሌሊት ውኃ ነው። የመጠቅጠቁንና የማጣሪያውን ትምህርት እዚህ ላይ ተማሩበት። የማሽኑን ባለቤትም ለዚህ ሥራ ብትቀጥሩት አልቃወምም፤ ሮለር ይዞ ይምጣ እንጂ።

ይህ መንገድ ወሰን አለው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የሚሠራው የምታጠጡት ማሳ ከተርባይኑ በታች ከሆነ ነው። ማሳው ከቦዩና ከተርባይኑ መካከል ከሆነ ለማሳው የሄደው ውኃ ለመብራት አይገኝም። ያኔ ተራ ማውጣት አለባችሁ፤ ሌሊት ለተርባይን፣ ቀን ለማሳ። ሁለተኛ፣ ጠለፋ የክረምትን ውኃ ለበጋ አያስቀምጥም። ወንዙ በየካቲት 20 ሊትር ብቻ ካለው የምታለሙት 20 ሄክታር አይሞላም፤ ከታች ላሉት ሰዎችና ለወንዙ ራሱ የሚተው ውኃ ስላለ። 50 ሄክታር ሙሉ የግድ ነው ካላችሁና የበጋው ውኃ ካልበቃ፣ ያን ጊዜ የማጠራቀሚያ ግድብ ወሬ ትክክለኛ ይሆናል። ለአራት የበጋ ወራት ወደ 500,000 ሜትር ኪዩብ ማስቀመጥ ይኖርባችኋል። የአፈር ግድብ ሊሆን ይችላል። ግን በጥናት፣ በቁፋሮ ምርመራ፣ በተሰላ ማስተንፈሻ፣ በየቀኑ የሚቆም ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ባለበት ነው። በመንደር መዋጮ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ የዞኑና የክልሉ የመስኖ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክት ሆኖ መግባት አለበት።

ሐይቅ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። በግልገል ጊቤ አንድ ሐይቅ ዙሪያ በተደረገ ጥናት፣ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ በቅርብ የሚኖሩ ሕፃናት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ ይበልጥ ተይዘው ተገኝተዋል። የምሽት ኩሬውም ቢሆን ሁልጊዜ ሞልቶ ከቆመ ትንኝ ይራባበታል። በየቀኑ ይጉደል፤ ዳሩ ሣር አይያዝ። ልጆችም አይዋኙበት፤ ቢልሃርዚያ አለና፣ መስጠምም አለ። ደለሉን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። በክረምት ወንዙ ቀይ የሚሆነው ከተራቆተው ተዳፋት በሚወርደው አፈር ነው። ወንዙን ብትገድቡት ያ አፈር መጀመሪያ የሚሞላው ሐይቃችሁን ነው። የቆቃ ሐይቅ ስንት ውኃ መያዣውን በደለል እንዳጣ ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠለፋ ላይ ግን ደለል ማጠቢያ በር ታደርጉና በጎርፍ ጊዜ ከፍታችሁ ትለቁታላችሁ።

ፈቃድም አለ። በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውኃ ሥራ ለመገንባትና ወንዝ ለመጥለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ማከፋፈልም የራሱ ፈቃድ አለው። ይህን እንደ ቢሮክራሲ ብቻ አትዩት። ከእናንተ በታች በዚያው ወንዝ የሚጠጡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ የሚያለሙ አሉ። ያለ እነሱ ስምምነት የተጠለፈ ውኃ በመጀመሪያው ድርቅ ጠብ ይሆናል። አስቀድማችሁ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ተቀመጡ። ስንት እንደምትወስዱ፣ ስንት እንደምትተው በጽሑፍ አስቀምጡ።

በአካባቢያችሁ ሌላ የአፈር ግድብ ወይም ኩሬ ካለ ደግሞ ይህን ለሁሉም ንገሩ። ከታች በኩል የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ አትሸበሩ፤ በባልዲና በሰዓት እየለካችሁ ጻፉት። ከደፈረሰ ወይም ከቀን ቀን ከጨመረ ያ አደጋ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። መጀመሪያ ከታች ያሉትን ሰዎች አስነሱ። ሐይቁን በመውጫው ዝቅ አድርጉ፤ ሰው በቀጥታ አደጋ ላይ ካልሆነ ግን በአንድ ጊዜ አታራግፉት፤ ውኃው በፍጥነት ሲወርድ የረጠበው የላይኛው ተዳፋት ሊናድ ይችላል። ውኃው የሚወጣበትን ቦታ በሸክላ አትድፈኑት። ብትደፍኑት ሌላ መውጫ ይፈልጋል። አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ከምሩበት፤ ውኃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ከዚያ መሐንዲስ ይጠራ።

አሁን ልታደርጉት የሚገባው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወንዙን በጥር መጨረሻና በየካቲት ለኩት። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ቦታ ምረጡ፤ ሁለት ካስማ ትከሉ። ሎሚ ጣሉና ከካስማ ካስማ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ያዙ። አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። የወንዙን ስፋትና አማካይ ጥልቀት በሜትር ለኩ። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሎሚው በ40 ሰከንድ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.25 ሜትር ነው። የላዩ ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት። 80 ሊትር በሰከንድ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀያሽ ይዛችሁ ከጠለፋው ቦታ እስከ ማሳችሁ ያለውን የከፍታ ልዩነት አስለኩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የውኃና የመስኖ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ለማሽኑ ባለቤት ቅድሚያ ክፍያ እስካልሰጣችሁ ድረስ ምንም የቀረባችሁ ነገር የለም።